የቴክኖሎጂ ዜና በቴሌቪዥናችን ለምን የምረቃ ዜና ሆኖ ይቀራል?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስላለ በሙያው ውስጥ ያለፋችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡኝ ነው የመጣሁት።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን የማምጠቂያ ማዕከል ስትመጥቅ እኔና ቤተሰቤ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። እንጦጦ ላይ የተሰበሰቡት ባለሥልጣናትና ተመራማሪዎች ሂደቱን በቀጥታ ሲከታተሉ እኛም ከእነርሱ ጋር ትንፋሻችንን ውጠን ተከታተልን፤ አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር አልረሳውም። ያ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የሚያጣጥለው ሰው ባገኝ እከራከረዋለሁ። ሆኖም ዜናው እንዳበቃ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዲሹን ወደ ራሳችን ሳተላይት ማዞር ነዋ?» አለኝ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ ጋዜጣ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። በዚያ ጠዋት «የርቀት ቅኝት» የሚለውን ሐረግ ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ የተደረገውን ንግግር ሰምቷል፤ ቀኑ ታሪካዊ መሆኑም በተደጋጋሚ ተነግሮታል። ይህች ሳተላይት የርቀት ቅኝት የምታደርግ፣ ማለትም የመሬትን ምስል ከሩቅ የምታነሣ እንጂ የቴሌቪዥን ሥርጭት የምታስተላልፍ አለመሆኗን ግን እርሱ በሚገባው መንገድ ያስረዳው አልነበረም።

ከዚያ በፊት፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ በመጣች ጊዜም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። አማርኛ እንድትናገር መዘጋጀቷን፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር መገናኘቷን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት የሰጠቻት መሆኗን፣ አንዳንድ ክፍሎቿ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በመጥፋታቸው ጋዜጣዊ መግለጫዋ መሰረዙን ሁሉ ሰማን። በሶፍትዌሯ ሥራ የተሳተፉት የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች የሠሩት የትኛውን ክፍል እንደሆነ፣ ከምትሰጣቸው መልሶችም የትኞቹ አስቀድመው እንደተጻፉና የትኞቹ በዚያው ቅጽበት በኮምፒዩተር እንደተቀናበሩ የሚያብራራ ዘገባ ግን እኔ አላየሁም። በጊዜው በፌስቡክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምርን ይመራ የነበረው ያን ሌኩን፣ መገናኛ ብዙኃን ሶፊያን እንደሚያስብ ፍጡር አድርገው ማቅረባቸውን ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በጽኑ ነቅፎ ነበር። ያ ክርክር በእኛ ስክሪን ላይ ቦታ ቢያገኝ ኖሮ የወጣቶቹ ልፋት በልኩ ይታወቅላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ የሚሆነው ዘጋቢዎቹ የቴክኒክ ዕውቀት ስለሚያንሳቸው ነው ወይስ የዜና ክፍሉ አሠራር ራሱ ሌላ ዓይነት ዜና ስለማያስኬድ ነው? አንዱን ጣቢያ ከሌላው ለይቼ ለመውቀስ አይደለም የምጠይቀው።

መልስ፦ የቀድሞ ዘጋቢ

ወንድሜ፣ ዘጠኝ ዓመት በዜና ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ በዝርዝር ልመልስልህ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ አንድ ጣቢያ ብቻ እንዳልሆነም የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል።

ጠዋት በሚደረገው የዜና ዕቅድ ስብሰባ ላይ ከሚቀርቡት ነገሮች አብዛኛዎቹ የጥሪ ደብዳቤዎች ናቸው። ደብዳቤው ቀኑን፣ ቦታውንና የክብር እንግዳውን ይገልጻል፤ ጉዞው ከከተማ ውጭ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪናውንም የዘጋቢውንና የካሜራ ባለሙያውን አበልም የሚችለው ጠሪው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ዜናው ገና ሳይሠራ ማን በምን ቅደም ተከተል እንደሚናገር ታውቋል ማለት ነው። ዘጋቢው ሲደርስ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ሪባን ሲቆረጥ ይቀረጻል፤ ሁለት ባለሥልጣናትና አንድ «ተጠቃሚ» ይናገራሉ፤ ከዚያም መኪናው ይነሣል። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ለሚቀርብ የሁለት ደቂቃ ዜና ከዚህ በላይ ቁሳቁስ የሚጠይቅህ አለቃ የለም። መሣሪያውን የገጠመው መሐንዲስ በአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ማዕከል ሲመረቅ ሰርቨሮቹን ያስተካከለችውን ወጣት ባለሙያ አግኝቼ አነጋገርኋት። ማዕከሉ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ብቻ እንደተንጠለጠለ፣ ሁለተኛው መስመር እስኪገባ ድረስ አገልግሎቱ በጄኔሬተሩ ነዳጅ ልክ እንደሚወሰን በሦስት ደቂቃ ውስጥ በጥሩ አማርኛ አስረዳችኝ። ቃሏ ከዜናው ወጣ። የተሰጠኝ ምክንያት በምረቃ ቀን ጉድለት አይነገርም የሚል ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ እኛም «በሲስተም መቆራረጥ ምክንያት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አንብበን አለፍን። እርሷ የነገረችኝ እያለ እንዲህ ብለን ማለፋችን ዛሬም ይቆጨኛል።

የዕውቀት ማነስ የለም አልልም። በእኔው እጅ የተሠራ ስሕተት ልናገር፦ ስለ አዲስ የኔትወርክ ፍጥነት በተሰጠ መግለጫ ላይ «በሰከንድ እስከ» ተብሎ የተነገረውን ቁጥር ስጽፍ «እስከ» የሚለውን ቃል አወጣሁት፤ «ሜጋ ቢት» የተባለውንም «ሜጋ ባይት» አድርጌ አስነበብሁ። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በአንድ ፊደል ልዩነት ፍጥነቱን ስምንት እጥፍ አድርጌው ነበር፤ «እስከ»ን በማውጣቴ ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ብቻ ሊደረስበት የሚችለውን ጣሪያ የየዕለቱ ፍጥነት አስመሰልሁት። ስክሪፕቱ በሦስት ሰዎች እጅ አልፎ ነው አየር ላይ የዋለው። ሆኖም እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ሰው ቢመደብለት በአንድ ወር ሥልጠና ይቀንሳል።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ነው። የምረቃ ዜና ጠሪ አለው፤ መሣሪያው ከዓመት በኋላ ይሥራ አይሥራ ለማየት ግን የሚጠራህ ደብዳቤ አይመጣም። ቴክኖሎጂ ደግሞ ከምረቃው በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው፤ የእኛ ዘገባ በዚያው ቀን ያልቃል።

መልስ፦ የርቀት ቅኝት መምህር

የቀድሞው ዘጋቢ ስለ ዜና ክፍሉ የጻፉት እውነት እንደሆነ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የእኛን የባለሙያዎቹን ድርሻ በጣም አቃልለውልናል።

በቅድሚያ ለጠያቂው አባት መልስ ይገባቸዋል። የቤታችን ዲሽ የሚያየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ዲሹን አንድ ጊዜ አስተካክለን የምንተወውም ለዚህ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን በዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ሆና ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ የምትዞር፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የምስል መሰብሰቢያ ነበረች። ደግሞም በዚያው ጊዜ አካባቢ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም፣ ኤስኢኤስ የተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ወደሚያስተዳድረው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት መሰባሰብ ጀምረው ነበር። ስለ ዲሽ ማዞር በየሰፈሩ በሚወራበት ወቅት «የራሳችን ሳተላይት መጠቀች» ሲባል አባትህ የጠየቁትን መጠየቅ ከአስተዋይ ሰው የሚጠበቅ ነው።

የሳተላይቷ ምስል ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) እያንዳንዱ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር የሆነ መሬት ይሸፍናል። መኪና አይለይም፤ ሰውማ ጨርሶ አይታይም። ሰፊ የስንዴ ማሳ፣ የደን ወሰን፣ በጣና ላይ የተንሰራፋ እንቦጭ ግን በዚህ ልክ ሊታይ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃና አንድ የጣና ምስል ይበቃ ነበር። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ እንደነበረና ቻይና 6 ሚሊዮኑን ያህል እንደሸፈነች በሰፊው ተዘግቧል፤ የተነደፈችው ለሁለት ዓመት አገልግሎት መሆኑ ግን የዚያን ያህል አልተነገረም። ይህን ቁጥር በመጠቀችበት ዕለት የሰማ ተመልካች ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። ዓመት ቆይታ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከቻይናው ዌንቻንግ ስለመጠቀችው ሁለተኛዋ አነስተኛ ሳተላይትም እንዲሁ።

ታዲያ ለምን አላስረዳንም? ካሜራ ሲመጣ ከበላይ ደብዳቤ ካልመጣ አንናገርም እንላለን። ደብዳቤው መጥቶ ስንናገር ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ዘጋቢው የሚቆርጠው አንድ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ያጣና ወደ ባለሥልጣኑ ንግግር ይመለሳል። በአማርኛ የምንመርጣቸው ቃላትም ያሳስታሉ። አንድ ነጥብ የሚሸፍነውን የመሬት ስፋት የሚገልጸውን «ሪዞሉሽን»ን «የምስል ጥራት» ብለን ስንተረጉም 13.75 ሜትር የሚለው ቁጥር ደካማ መሣሪያ እንደተገዛ ያስመስላል፤ ለታሰበላት ሥራ ግን የሚስማማ ልክ ነው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለውን ስያሜም እንዲሁ አስቡት። ማስተዋል በቋንቋችን ከዕውቀት በላይ የሆነ፣ ለሽማግሌ የምንሰጠው ማዕረግ ነው። አስቀድሞ የተጻፈ መልስ የሚያቀርብ ወይም ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጣዩን ቃል የሚገምት ፕሮግራም ይህን ስም ይዞ ስክሪን ላይ ሲቀርብ፣ ተመልካቹ ሶፊያ ታስተውላለች ብሎ ቢያምን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስያሜው ሥር ስለሰደደ ይለወጥ አልልም፤ በተጠራ ቁጥር ግን በአንድ ሐረግ ሊብራራ ይገባል።

መልስ፦ ቦሌ ሚካኤል

ሁላችሁንም በማክበር እለያለሁ። ቴሌቪዥን ይህን ሥራ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ስለ አዲስ ስልክ፣ ስለ ፕሮግራሚንግ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአማርኛ የሚያስተምሩ ወጣቶች በዩቲዩብና በቴሌግራም ሞልተዋል። ሲሳሳቱ ተመልካቹ ከሥር ያርማቸዋል፤ የሚያስረዱበት ጊዜም በሁለት ደቂቃ አይገደብም። ቴሌቪዥን ሁነቱን ይዘግብ፣ ማብራሪያውን ለእነርሱ ይተው።

መልስ፦ የባንክ ሲስተም ባለሙያ

ቦሌ ሚካኤል፣ የወጣቶቹን ሥራ እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን በደንበኞች አገልግሎት በኩል በየዕለቱ የማያቸው፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ለሚል ሰው የይለፍ ቁጥራቸውን በስልክ አንብበው ገንዘባቸውን ያጡ እናቶችና አባቶች ቴሌግራም ላይ አይደሉም። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት ናቸው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ገንዘብ ዜና በብዛት የተጠቃሚ ቁጥርና የዝውውር መጠን ዜና ነው፤ ያ የይለፍ ቁጥር ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን የማይሰጥበትን ምክንያት የሚያስረዳ ዜና ያንን ያህል ቢደጋገም ብዙ ሰው በዳነ ነበር።

ለዚህ ክርክር ከሳተላይቷም ይልቅ የሚያስተምረው መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ይመስለኛል። አርብ ማታ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ ከሲስተም ጥገናና ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ። መጀመሪያ ላይ 2.4 ቢሊዮን ብር የሚል ቁጥር ሲወራ ቆይቶ፣ ኋላ ላይ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን ባንኩ አሳወቀ። በቀጣዮቹ ቀናት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። ቴሌቪዥኖቻችንም ዋናውን ጉልበታቸውን በዚህ ላይ አዋሉት። ጉዳዩ የሥነ ምግባርና የወንጀል ዜና ሆነ፤ ተማሪውን እየተቆጣን ሰነበትን።

ገንዘቡን ወስዶ ያስቀረ ሰው ተጠያቂ መሆኑ አያጠያይቅም። ግን ገንዘብ ስታወጣ ሲስተሙ በጥቂቱ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ሒሳቡ የሚበቃ መሆኑን ያረጋግጣል፣ የወጣውን ይቀንሳል። የማረጋገጡ ሥራ ከቆመ ማሽኑ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። በየትኛውም ባንክ ለውጥ ከመግባቱ በፊት በመሞከሪያ ሲስተም ላይ ይፈተናል፤ የሚያጸድቀው ሰው አለ፤ ችግር ሲመጣ ወደ ቀድሞው የሚመለስበት መንገድ ይዘጋጃል፤ ያልተለመደ የገንዘብ ፍሰት ሲታይም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚህን አራት ነገሮች የሚያውቅ ዘጋቢ ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ተነሥቶ፣ «ለውጡ ተፈትኖ ነበር ወይ? ማስጠንቀቂያው ስንት ሰዓት ላይ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እኔ በቤቴ ሆኜ የጠበቅሁት ይህን ጥያቄ ነበር፤ ሚሊዮኖች ገንዘባቸውን ባስቀመጡበት ተቋም ጉዳይ ላይ ተገቢ ጥያቄ ነውና።

መልስ፦ ከለንደን

እዚህ ያለው ገጠመኝ ይጠቅም እንደሆነ ላካፍላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ፣ 5ጂ የተባለው አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ከኮሮና ጋር ግንኙነት አለው በሚል ወሬ ምክንያት በእንግሊዝ የስልክ ማማዎች ይቃጠሉ ነበር። የሬድዮ ሞገድ ቫይረስ ሊፈጥርም ሊያስተላልፍም አይችልም፤ ሆኖም የአይቲቪ የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ወሬውን መገናኛ ብዙኃን እንዲሁ ውሸት ነው ብለው መዝጋታቸውን የሚነቅፍ አስተያየት በቀጥታ ሥርጭት ሰጠ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በቀናት ውስጥ ጉዳዩን መርምሮ አስተያየቱ ያልታሰበበት መሆኑን ገለጸ፤ ለጣቢያውም መመሪያ ሰጠ። የዚያኑ ሰሞን ተመሳሳይ ይዘት ያለው ቃለ ምልልስ ያሠራጨውን ለንደን ላይቭ የተባለውን ጣቢያ ደግሞ ውሳኔውን ራሱ አየር ላይ እንዲያነብ አዘዘው። የሰፈሬ የሐበሻ ቤተሰቦች ስለ ማማዎቹ ሲጨነቁ ያረጋጋቸው ይህ እርማት በቴሌቪዥን መነበቡ ነው፤ በቃሌ ያስረዳኋቸው ብዙም አልረዳም ነበር። በአገራችንም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለ እርማት ይደነግጋል፤ የስምንት እጥፍ ስሕተትም እርማት ይገባው ነበር።

መልስ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመምህሩን ማብራሪያ ለአባቴ በስልክ አነበብሁለት፤ «ታዲያ ይህን ያኔ ለምን አልነገሩንም?» አለና ስለ እንቦጩ ደግሞ ጥያቄ አከታተለብኝ።

አሁን የሚያሳስበኝ የፋይዳ መታወቂያ ነው። ምን ያህል ሰው እንደተመዘገበ በየጊዜው ይነገረናል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ መረጃዬን ማን ማየት እንደሚችል፣ የልደት ቀኔ ተሳስቶ ቢመዘገብ ለማን እንደማመለክት በሕግ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ይህን የሚያስረዳ ዘገባ እንዲሠራ ከአንድ ተራ ተመልካች ምን ይጠበቃል?

መልስ፦ የቀድሞ ዘጋቢ

ደብዳቤ ጻፍ፤ ቀኑንና ጥያቄውን ለይተህ ለዜና አርታኢው ጻፍ። የጥሪ ደብዳቤ በሚደረደርበት ጠረጴዛ ላይ የተመልካች ደብዳቤ ብርቅ ስለሆነ ይታያል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት የገጠር መምህርት የጻፉትን ይዤ ወደ ስብሰባ ገባሁ። ከዓመት ተኩል በፊት በሰፊው የዘገብነው፣ የጤና ጣቢያን ከሪፈራል ሆስፒታል ሐኪም ጋር በቪዲዮ ያገናኛል የተባለው መሣሪያ ምን ላይ እንደደረሰ የሚጠይቅ ነበር። ሄድን። መሣሪያው ደህና ነበር፤ ኔትወርኩም ይሠራል። ሥልጠና የወሰደችው ነርስ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ፣ ቁልፉ በመጋዘን ኃላፊው እጅ፣ መሣሪያው በካርቶኑ ውስጥ ነበር። ዘገባው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ወሰደ። በተላለፈ በሁለተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያው ደውሎ ሁለት ሠራተኞች ለሥልጠና መላካቸውን ነገረን፤ መምህርቷም ይህንኑ ጽፈውልን ነበር።